ቀጭኔው በተሳፋሪው ወንበር

መካኒኩ የጋራዡን የብረት በር ገፍቶ ሲከፍት ጭሱ ፊቱን መታው። ሞተሩ እየሠራ ነበር። በክንዱ አፍንጫውን ሸፍኖ እያሳለ ገባና ቁልፉን አጠፋ፤ መስኮቶቹንም አንድ በአንድ በረጋገደ። መኪናዋ ውስጥ ሰው መኖሩን ያስተዋለው ጭሱ ሲሳሳ ነው።

ቀጭኔው ነበር። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ በዚህ ቅጽል ግን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከአርባ ዓመት በፊት በተራራው መንገድ በተደረገው ውድድር ይህችን ቀይ፣ ጣሪያ አልባ ስፖርት መኪና ይዞ አንደኛ የወጣ ሰው ነው። ያ ሁሉ ቁመት እዚህች ክብሪት ሳጥን ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደገባ የዘመኑ ቀልድ ነበር። ዛሬ ድሉ አርባ ዓመት ይሞላዋል። የጥንታዊ መኪኖች ክበብ ግቢ ገና በጠዋቱ ሞልቷል፤ ጠርዛቸው የሚያብረቀርቅ አሮጌ መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው ኮፈን እየከፈቱ ሞተር ያስጓራሉ፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ ጥሩምባቸውን ይሞክራሉ። ሁሉም የሚጠብቀው ቀጭኔውን ነው።

ኢንስፔክተሯ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል በጎን በር ገባች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ ስሙ ግን የወጣላት በቅጥነቷ ሳይሆን ትልልቆቹ ሹማምንት ያላዩትን ቀዳዳ አግኝታ ስለምትገባ ነው።

የክበቡ ሊቀመንበር በር ላይ ጠበቃት። ወፍራም ሰው ነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አደጋ ነው» አላት። «ሞተር ሊያሞቅ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ጭሱ አስተኛው። ሕዝቡ ውጭ ቆሟል። ቶሎ ብታጠናቅቁልን…»

«ሞተር የሚያሞቅ ሰው የት ይቀመጣል?»

«መሪው ጋ ነዋ።»

«እሱስ የት ነው የተቀመጠው?»

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየ። ቀጭኔው በተሳፋሪው ወንበር ላይ ነበር። ረጃጅም እግሮቹን ዘርግቶ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ መሪው በኩል ዘንበል አድርጓል። ሌላ ሰው ሲነዳ እያየ የተደሰተ ይመስላል። 

መርፌ መኪናዋን እየዞረች አየች። ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ከጋራዡ ወደ ውጭ የሚያወጣው የጎማ ቱቦ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። የነጂው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። የኋላ ማሳያ መስታወቱም ዝቅ ብሎ ዘንብሏል፤ እሷ ራሷ ጎንበስ ብላ ካልሆነ በቀር ኋላውን ማየት አልቻለችም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል የሻይ ፔርሙስ ተጋድሟል፤ ክዳኑ ውስጥ የቀረው ሻይ ሥሩ ላይ ሰማያዊ ዝቃጭ አለው።

ከዚያ በባትሪ ፔዳሎቹን አበራች። በሦስቱም ላይ እንጨት ታስሮባቸዋል። እንጨቶቹ አዲስ አይደሉም፤ ከላይ የለበሱት ቆዳ በእርጅና ተሰነጣጥቋል፣ መሀላቸውም በጠባቡ ሰርጉዷል። አቧራ ለብሰው ነበር፤ አቧራው ላይ ትንሽ ጫማ የረገጠበት ምልክት አለ።

ሐኪሙ ከሬሳው ላይ ቀና አለ። «የገደለው ጭሱ ነው። ግን የተንፈራገጠ አይመስልም። ጭሱ ሳይመጣ በፊት የተኛ ሰው ነው ብል አልሳሳትም። ፔርሙሱን ወስጄ ላስመረምረው።»

«አስመርምረው። እኔ ደግሞ እስከዚያ ሰዎቹን ላነጋግር» አለች።

* * *

መካኒኩን የመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። አጭር፣ ድንብልብል ያለ ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ቡሎን የሚሉት። እግሩ ግን ለቁመቱ አይመጥንም፤ ጫማው አካፋ ያክላል። አንድ ፍሬ ቁልፍ ይዞ በጨርቅ ይወለውላል፤ የተወለወለውን መልሶ ይወለውላል።

«ማታ ስትወጣ ወንበሩ የት ነበር?»

«ወደ ኋላ። እስከ ጥግ። ጋሼ ካለዚያ አይገቡም፤ ጉልበታቸው መሪውን ይነካል።»

«እንጨቶቹስ?»

«የምን እንጨት?» ወደ መኪናዋ ወስዳ ስታሳየው ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ ይቺን መኪና እንደ ልጄ ነው የማውቃት። እነዚህን አላውቅም። ቢሆንም…» ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየ። «ማሰሪያው የሚገባባት ቀዳዳ ግን ድሮም ነበረች። ለምን እንደተበሳች ገብቶኝ አያውቅም ነበር።»

«ሰው ተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሞተሩን ማስነሳት ይችላል?»

«ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ይችላል። ጠዋት በብርድ ግን ነዳጅ ካልረገጡላት አትነሳም። መሀል ላይ የማርሽ ሳጥኑ አለ፤ እግር አያሻግርም። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢገባ…» ብሎ ቅጽል ስሟ ትዝ ሲለው ዝም አለ።

መርፌ አልሳቀችም፤ አልከፋትምም። «ትናንት ከእሱ ጋር ተጨቃጭቃችኋል ይባላል።»

ቡሎን ቁልፉን አስቀመጠ። «አልዋሽም። ‹ከበዓሉ በኋላ መኪናዋን ለባለቤቷ እመልሳታለሁ› አሉኝ። ባለቤቷ እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ሳቁ። ስቀው ዝም። እኔ ዝገቷን በጥፍሬ የፋቅኩ ሰው ነኝ፤ ለማን እንደሚሰጧት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ተናደድኩ፤ ክፉ ቃል ወጣኝ። አሁን ያ ቃል ነው የሚበላኝ።»

«ዘመዶቹን ታውቃቸዋለህ? ቤታቸው ትሄዳለህ?»

«እህታቸውን በክበቡ ግብዣ ላይ ከሩቅ ነው የማያት። ባልየው ደግሞ እዚህ ደጅ ደርሶ አያውቅም።»

ሊቀመንበሩን በአዳራሹ አነጋገረችው። ግድግዳው በውድድሩ ፎቶዎች ተሞልቷል። ሰውየው ቁጭ ብድግ ይላል፤ በየመሀሉ በመስኮት ሕዝቡን ያያል።

«ትናንት አንድ ነገር ነግሮዎታል» አለች መርፌ፣ ዝም ብላ በመገመት።

ሊቀመንበሩ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት? … አዎ። ‹ከንግግርህ በኋላ በፕሮግራሙ የሌለ ነገር እናገራለሁ› አለኝ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ‹አርባ ዓመት የዘገየ ነገር ነው› ብቻ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ክበብ የቆመው በእሱ ስም ነው። ግን እኔ ሰው አልገድልም፤ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ ብል…» ሆዱን አሳየ። «ወደ ፊት ተስቦ አይደለም፣ ወደ ኋላ ተገፍቶም አልገባበትም። ሞክሬ አውቃለሁ። ቡሎን ጎትቶ ነው ያወጣኝ።»

መርፌ ፎቶዎቹ ሥር ቆመች። በአንዱ ቀጭኔው ከድሉ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ዋንጫ ይዟል፤ የፊት መስታወቱ ደረቱ ላይ ነው፣ ጭንቅላቱ እንዳለ ከላይ ወጥቷል። በሌላው መኪናዋ መነሻ መስመሩ ላይ ቆማለች፤ ነጂው ሄልሜትና መነጽር አድርጓል፣ ከፊት መስታወቱ በላይ የሚታየው ግን የሄልሜቱ አናት ብቻ ነው። እዚያ ብዙ ቆየች።

* * *

የቀጭኔው እህት በክበቡ ቢሮ ተቀምጣ ነበር። ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤት የመራች ሴት ናት፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለች፣ ስትናገር ቃሏን የምትመርጥ። እግሯ ከወንበሩ ወለሉን በጭንቅ ይነካል። አልቅሳለች፤ ፊቷን ግን ታጥባ ተሰናድታለች።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች መርፌ። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ለበዓሉ እየተዘጋጀሁ ነበር። የባለቤቴን ሸሚዝ ስተኩስ ነው ስልኩ የተደወለው።»

«ወንድምዎና ባለቤትዎ አይስማሙም ይባላል።»

«ያልሰማ የለም። በዚያ ውድድር ባለቤቴ ከፊት ሆኖ ይመራ ነበር። ጠባቡ መጠምዘዣ ላይ መኪናው ከኋላ ተነካና ገደል ገባ። እግሩ በዚያው ደርቆ ቀረ። ከኋላው የነበረው የወንድሜ መኪና ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሁለቱን ማስታረቅ ሳልችል አረጀሁ።»

«እርስዎስ ባለቤትዎን መቼ አወቁት?»

«ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ።»

ባልየው ከእሷ ጋር በጎን በር ገብቶ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ግራ እግሩ እንደ ግንድ ደርቆ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ ምርኩዞቹ ጎኑ ቆመዋል። ጥሩ ኮት ለብሷል፤ ከኮቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ግን ከሳጥን እንደወጣ የተጨማደደ ነው።

«ጋሼ፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤት። ባለቤቴም ከእኔ ጋር ነበረች። ከአጠገቤ አልተለየችም።» ይህን ሲል የመርፌን ዓይን ሸሸ።

«ሟቹን ይጠሉት ነበር?»

«እጠላው ነበር። ሲሞት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።» ከኪሱ ብልቃጥ አውጥቶ አንድ ሰማያዊ እንክብል ጎረሰና ያለ ውሃ ዋጠው። «ይቅርታ፣ ብርድ ሲሆን እግሬ ያንገበግበኛል። ያስተኛል እንጂ ጥሩ መድኃኒት ነው።»

«ብዙ ይዘው ይዞራሉ?»

«የዕለቱን ብቻ። ዋናውን ባለቤቴ ናት የምትይዘው። ብዙ እንዳልውጥ ትፈራለች።»

«እግርዎ ይታጠፋል?»

«ከታጠፈማ ምርኩዝ ምን ይሠራልኛል?»

መርፌ አመስግና ስትሄድ ባልየው ጠራት። «እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ይህን ነገር አደጋ ነው ብሎ መተው አይቻልም?»

«እርስዎስ ቢሆኑ ይተዉት ነበር?»

ባልየው ብልቃጡን ወደ ኪሱ መለሰ።

* * *

አራቱንም በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ፤ ሐኪሙም ከጥግ ተቀመጠ። ውጭ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀምሯል፤ ይጠራል። ሊቀመንበሩ ጭብጨባው በተነሳ ቁጥር ይቁነጠነጣል።

«አላስቆያችሁም» አለች መርፌ። «ቀጭኔው የሞተው በተሳፋሪ ወንበር ላይ ነው። ቡሎን እንደነገረኝ ያ ሞተር በጠዋት ብርድ ነዳጁ ካልተረገጠለት አይነሳም፤ ከተሳፋሪ ወንበር ደግሞ እግር አይደርስም። ስለዚህ መሪው ጋ ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ሞተሩን አስነሳ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። አደጋ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ተነፈሰ።

«ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፤ መስታወቱም ዝቅ ብሏል። የተቀመጠው አጭር ሰው ነው። ሊቀመንበሩ አይገባበትም። ጋሼም እግራቸው ስለማይታጠፍ እዚያ ሊቀመጡ አይችሉም። ከእናንተ መሀል አጭር ሁለት ሰው ነው።»

ቡሎን ጫማውን አየ።

«አሁን ሻዩ። ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ዝቃጭ ነበር። ጋሼ እፊቴ ሰማያዊ እንክብል ሲውጡ አየሁ፤ የሚያስተኛ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ያረጋግጠዋል፤ እኔ ግን ጥርጣሬ የለኝም። ያን መድኃኒት በእጃቸው የሚያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጋሼና የሚይዙላቸው ባለቤታቸው። ቡሎን ቤታቸውን አያውቀውም። ወንበሩ የሚሆነው ለቡሎን ወይም ለእትዬ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ከጋሼ ወይም ከእትዬ ዘንድ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው።»

እህቱ አልተንቀሳቀሰችም። «ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር ብያለሁ» አለች።

«ብለዋል። ጋሼ፣ ኮትዎን ይክፈቱ።»

ባልየው ኮቱን አልከፈተም፤ ይልቅ በሁለት እጁ ገጥሞ ያዘው።

«እርስዎ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር አሉ፤ እሳቸው ከአጠገቤ አልተለየችም አሉ። ሸሚዙ ግን ካውያ አላየም።» መርፌ ወደ ፎቶዎቹ ዞረች። «ለምን የሚለው ነው ያስጨነቀኝ። ፔዳሎቹ ላይ አሮጌ እንጨት ታስሯል። የቡሎን እግር እነዚያን እንጨቶች ይሸፍናቸዋል፤ ሥርጉዱ ግን የጠባብ እግር ነው። የተሠሩት እግሯ ፔዳል ለማይደርስላት ትንሽ ሰው ነው፤ የተሠሩትም ዛሬ አይደለም። ይህንን ፎቶ እዩ፤ መነሻው ላይ ያለው ነጂ ከመስታወቱ በላይ አይታይም። ይሄኛው ደግሞ ከድሉ በኋላ ነው፤ መስታወቱ ደረቱ ጋ ነው። ከተማው አርባ ዓመት ሙሉ ‹ቀጭኔው እንዴት ታጥፎ ገባ› እያለ ሲስቅ ኖረ። አልገባም። ያን ቀን የነዱት እርስዎ ነዎት።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ቡሎን «ለባለቤቷ…» ብሎ በለሆሳስ አጉተመተመ።

«አዎ፣ ለባለቤቷ ሊመልስ ነበር» አለች መርፌ። «መኪናዋንም፣ ድሉንም። እንጨቶቹን ከተደበቁበት አውጥቶ አስሮ ጠበቀዎት። እህቱ ስትነዳ አጠገቧ ሆኖ ሊያይ።»

 ከዚያ እህቱ ተናገረች፤ ድምፅዋ የትምህርት ቤት ድምፅ ነበር፣ ረጋ ያለ።

«ወንድሜን ትኩሳት ይዞት ነበር፤ መቆም አልቻለም። ያኔ ሴት አይወዳደርም ይባል ነበር። ሄልሜት አጠለቅሁና ገባሁ። ተራራው አናት ላይ ጭጋግ ነበር፤ እሱ ቀድሞ ወጥቶ ከሚጠብቀኝ ድንኳን ጀርባ አቁሜ ልብሱንና ሄልሜቱን ሰጠሁት። ልጆች ነበርን፤ ጨዋታ መስሎን ነበር።» እጆቿን አየች። «ትላንት ደውሎ ‹ነገ ጠዋት ነይ፣ ስጦታ አለኝ› አለኝ። ምን እንደሆነ ገባኝ። እንክብሉን የያዝኩት ምናልባት ከሐሳቡ ካልተመለሰ ብዬ ነው። ለመንኩት። ‹ሀቅሽን በልቼ መሞት አልፈልግም› አለኝ። የእኔ ሀቅ ድሉ ብቻ እንዳልሆነ አልታየውም። እነዳ የነበርኩት እኔ ከሆንኩ፣ መጠምዘዣው ላይ የነካሁትም እኔ ነኛ።»

ወደ ባሏ አልዞረችም። «ሆስፒታል የመጣሁት ልነግርህ ነበር። ፊትህን ሳይ አቃተኝ። በማግስቱ እነግረዋለሁ እያልኩ እመላለስ ጀመር። ከዚያ ወደድኩህ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ባልየው ምርኩዞቹን አነሳ፤ ግን አልተነሳም። ጉልበቱ ላይ አጋደማቸው።

«አውቅ ነበር» አላት።

ዞረች።

«ያን ቀን ከኋላዬ ስትመጪ ሞተርሽን እየሰማሁ ነበር። ማርሽ ከመቀነስሽ በፊት ነዳጁን ሁለቴ ነካ ነካ ታደርጊያለሽ። ወንድምሽ እንደዚያ አይነዳም፤ እሱ ማርሽ ሲያስገባ ብረት ያስለቅስ ነበር። ከተጋባን በኋላ ወደ ሐኪም ስትወስጂኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁሽ። ያችው ናት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። አንቺም ታስታምሚኛለሽ፣ እኔም እታመምልሻለሁ። ኖርን።»

«ወንድሜን ግን ጠላኸው።»

«ያልነዳውን ወሰደ። ደግሞስ እሱን ባልጠላ ማንን ልጠላ ነበር?»

እህቱ እስካሁን ያልወደቀው ትከሻዋ ያኔ ወደቀ። አንድ ጊዜ «ወንድሜን» አለች። ባሏ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ውጭ ጭብጨባው ጨመረ። ሊቀመንበሩ ፕሮግራሙን በእጁ ጨብጦ ተነሳ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ማን አሸነፈ ልበል?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ ባልየው። የሚስቱን እጅ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ መለሰና ምርኩዞቹን ተክሎ ቆመ። «እሱ ሊናገረው ነበር፤ አልደረሰለትም። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የበለጠ የሚመሰክር የለም።»

«መሞቱንም ይነግሯቸዋል?» አለች መርፌ።

«ሁሉንም።»

ቡሎን ቀድሞ በሩን ከፈተለት። ባልየው አርባ ዓመት ረግጦት የማያውቀውን የክበቡን የደጅ ደረጃ አንድ በአንድ ወረደ። ሕዝቡ ሲያየው መጀመሪያ አላወቀውም፤ ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አወቀውና ሹክሹክታው ተዛመተ። ሞተሮቹ በየተራ ጠፉ። ጥሩምባ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን አወረዱ።

መርፌ እህቱን በጓሮው በር በኩል ይዛት ወጣች። የፖሊስ መኪናው ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው የድምፅ ማጉያው አጓራ፤ ቀጥሎ የባልየው ድምፅ በግቢው ላይ ተሰማ።

«ያን ቀን ከኋላዬ ስትነዳ የነበረችው ሴት» አለ፣ «ከእኔ የተሻለች ነጂ ነበረች።»

እህቱ ቆመች። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። መርፌ በእጇ ምልክት አሳየችው፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ሦስቱም እዚያው ቆሙ።